ላሊሴን ልሸኝ ጊምቢ የሄድኩ ጊዜ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ መርካቶ

ሹፌሩ የጭነት መኪናውን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ጴንጤዋ አንቺ ነሽ?»

ጎህ ሳይቀድ፣ በባዶ ሆድ፣ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? «አስካለ እባላለሁ» አልኩ ኮስተር ብዬ።

«እኔ ደግሞ ገለታ፤ የነቀምት ልጅ። እኔም ከአያቴ ጀምሮ የወንጌል አማኝ ነኝ። ግን እግዜር ጆሮው ደኅና ነው ብዬ ስለማምን ስጸልይ አልጮኽም። ጋቢናዬ ውስጥም አይጮኽም። ተስማማን?»

ተስማማን። ሻንጣዬን፣ በስቴንስል ያባዛሁትን የመዝሙር ወረቀት የያዘ ካርቶንና እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ታቅፌ ጋቢና ወጣሁ። መኪናው ባዶውን ነው የሚሄደው፤ ጊምቢ ቡና ሊጭን። ኦቦ ገለታ ሃምሳ የዘለለው፣ ሆዱ ወደ መሪው የተጠጋ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ ሰው ነው። «ኦቦ» ያልኩት እሱ ራሱ ስላስተማረኝ ነው፤ «በእኛ አገር ትልቅ ሰው ኦቦ ይባላል፤ ሴት ከሆነች አዴ። አቶ ካልሽኝ ግብር የምትሰበስቢ ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ምላሴ ከጣቴ ይፈጥን ነበር። ሰሞኑን ሣጥን ሳገላብጥ ደብተሩን አገኘሁትና ገለበጥኩት፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ የአሮጊት አስተያየቴን ጣል አድርጌበታለሁ።

የሄድኩበትን ጉዳይ ልንገራችሁ። ያኔ እኛ ወረቀት የሌለን ሰዎች ነበርን። ጥቂት ተማሪዎች አንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ተንበርክከው መንፈስ ቅዱስ ወረደብን አሉ፤ ክፍሉ ጠበበ፤ ግቢው ጠበበ። ፈቃድ ብንጠይቅ ተከለከልን፤ አዳራሻችን ታሸገ፤ እኛም በየቤቱ ተበተንን። መንግሥት የበተነን መስሎት ዘራን። ስብከታችን እቅድ አልነበረውም፤ ክረምት ሲመጣ ተማሪ አገሩ ይገባል፣ እሳቱን በሻንጣው ይዞ ይገባል፣ በቃ። ላሊሴም እንዲሁ ናት። አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ልትማር መጥታ እኛ ጎረቤት ተከራየች፤ ለአንድ ዓመት አብረን ጸለይን፣ አብረን ሽሮ በላን፤ ከዚያ አገሯ ጊምቢ ተመለሰች። በሁለተኛው ዓመት በእሷ እጅ ያመኑ ሰዎች አንድ ቤት አልበቃ አላቸው።

ሽማግሌዎቻችን ተመካከሩና ላሊሴ ወደ ዴዴሳ ቆላ ወርዳ እንድትሰብክ በደብዳቤ አዘዟት። ከጊምቢ ወገን የመጀመሪያዋ ተላኪ ልትሆን ነው። ችግሩ፣ ደብዳቤው ከደረሳት ሦስት ወር ሆነ፤ እሷ ንቅንቅ የለም። ወደ ቆላ ደግሞ ሴት ልጅ ብቻዋን አትወርድም፤ የሲራራ ነጋዴ ሲወርድ ነው አብሮ የሚወረድ። የሚቀጥለው ሰኞ የሚወርዱ አሉ፤ እነሱ ካመለጧት እስከ ፋሲካ ማንም አይወርድም። «ሂጂና ምን እንደነካት ጠይቂያት፤ ሸኝተሻት ነይ» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። ይኸው ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከጌዶ እስከ ነቀምት

አምቦ ድረስ አስፋልት ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጠርና አቧራ፤ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። ጌዶ ላይ ብርድ፣ ጭጋግ፣ የገብስ ክምር፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሰዎች። አንድ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ገዝተን ለሁለት ተካፈልን። ባኮ ስንወርድ ብርዱ የት እንደገባ እንጃ፤ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ማንጎ አራቱ በስሙኒ። ሻጯ «ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ እህቴ፣ አንድ ልመርቅልሽ፣ አምስት ውሰጂ» አለችኝ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አፌን አጣፍጬ «ገለቶማ»፣ አመሰግናለሁ፣ ብላት ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። ኦቦ ገለታ የሳቁት ስለተደሰቱ ነው ብሎኛል። ልመነው።

መንገድ ላይ ተከራከርን። ክርክሩ ያልቃል?

«አያቴ ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነብ ተገርፏል» አለኝ። «በግርፋት ያገኘነውን ነው እናንተ ‹ገና አልተሞላችሁም› የምትሉን።»

«እንዲህ አላልንም።»

«እሺ፣ ምን አላችሁ?»

መልሱን ሳስብ ሲሬን አለፍን። እውነቱን ለመናገር እንደዚያው ነበር የምንለው።

ነቀምት የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ባሕር ዛፍ፣ ቀይ አፈር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ «አካም ኦልተኒ»፣ እንዴት ዋላችሁ፣ እየተባባለ የሚገባ ሰው። የኦቦ ገለታ ቤት በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው። ሚስቱ አንጮቴ በቅቤና በአይብ አቀረበችልኝ፤ መሬት ውስጥ የሚበቅል፣ ድንች የሚያስንቅ ነገር ነው፤ በሞቴ፣ እሱን ሳይቀምስ ወለጋን አየሁ የሚል ሰው ዋሽቷል። ከመብላታችን በፊት ኦቦ ገለታ ጸለየ። አጭር፣ ለስላሳ፣ ለልጆቹ ሁሉ በየስማቸው፤ መጨረሻ ላይ «ለዚች መንገደኛም» አለ። ደስ አለኝ፤ ግን ያኔ አልነገርኩትም።

ሐሙስ፤ ነቀምት፣ ዴዴሳ፣ ጊምቢ

ጠዋት ለመንገድ ስኳር ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የጎጃም ሰው፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ አነጋገሬን ሰምቶ «የት አገር ነሽ?» አለኝ። መንዝ ስለው ፊቱ በራ። ወዴትና ለምን እንደምሄድ ስነግረው ጠፋ።

«የመንዝ ልጅ ሆነሽ ጴንጤ? እናትሽ አልሞተችም?»

«አልሞተችም፤ ዳቦ ቆሎ ሠርታ ሸኘችኝ።»

«ደግ እናት ናት» አለና ስኳሩ ላይ አንድ ማንኪያ ጨመረልኝ። ስወጣ «ልብ ይስጥሽ!» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። እንግዲህ ማን እንደሚጮህ እዩ።

ከነቀምት ወደ ምዕራብ መንገዱ እየዞረ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል። ሙቀቱ ጋቢናውን እንደ ምድጃ አደረገው። ድልድዩ ላይ ኦቦ ገለታ መኪናውን አቁሞ ወደ ታች አሳየኝ፤ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ዝም ያለ ወንዝ። «ያቺ ልጅ የምትሄደው በዚያ በኩል ነው» አለኝ፤ ዳር ዳሩን ሣርና ቁጥቋጦ፣ ከሩቅ ጭስ፣ ሌላ ምንም። ዝንብ እጄን ነከሰኝ። ላሊሴን በደብዳቤ «ምን ነክቷት ነው» ስንል ተቀምጠን የነበረው አዲስ አበባ፣ ትራስ ላይ መሆኑን ያን ጊዜ አሰብኩ።

ጊምቢ አመሻሽ ላይ ገባን። ያረፍኩት አዴ ዲንቂቱ ቤት ነው። አዴ ዲንቂቱ የኦቦ ገለታ አክስት ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ የእኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ግቢ ባለቤት። ላሊሴም የምታድረው እዚያው ነው፤ ደጃፉ ላይ አየችኝና ሮጣ ተጠመጠመችብኝ። ከስታለች። መኝታዋ አጠገብ ሻንጣዋ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ሰጥታለች። ሁሉ ነገር አልቋል። ታዲያ?

«አባቴ ሳይመርቀኝ አልሄድም» አለችኝ።

«ላሊሴ፣ የጌታ ምርቃት አይበቃሽም?»

«ይበቃኛል። ግን እዚያ ታች ሄጄ ለሰው ልጆች ‹አባት አላችሁ› ልላቸው ነው። እኔስ አባትሽ የት አለ ሲሉኝ?»

እንግዲህ ይህን ለሽማግሌዎቹ በታይፕ እንዴት አድርጌ ልጻፈው።

አባቷ ኦቦ ቶለራ የነባሩ ወንጌላዊ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በአገሩ የተከበሩ፣ ሰው የሚያስታርቁ። ላሊሴን በሕፃንነቷ አስጠምቀዋታል። እሷ አምና የእኛ ሰዎች ወንዝ ውስጥ ሲያጠልቋት ሰሙና «ውሃዬን ናቀችብኝ» አሉ። ስሟ በቤታቸው እንዳይጠራ ከለከሉ። በዚህም አላበቃ፤ የምንሰበሰብበትን ቤት ለፖሊስ ያመለከቱት እሳቸው ናቸው። ላሊሴ ሦስት ቀን ታሰረች። ከእስር ስትወጣ ቀጥታ የሄደችው አባቷ ደጅ ነው፤ በሩ አልተከፈተላትም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስምንት ወር።

ዓርብና ቅዳሜ፤ ጊምቢ

ዓርብ ከላሊሴ ጋር ገበያ ዞርኩ። ቡና በጆንያ፣ ማር በቅል፣ ጨው፣ በርበሬ። ነጋዴዎቹን አገኘኋቸው፤ በቅሎዎቻቸውን እየቀለቡ ነው። አለቃቸው «ሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን። በቅሎ አይጠብቅም» አለኝ። ላሊሴን አይቶ ደግሞ «ይህች ልጅ ትወርዳለች ስትባል ይህ ሦስተኛው ጉዟችን ነው» አለ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ለመንኳት። ጥቅስ ጠቀስኩላት፤ እሷም መለሰችልኝ። ተቆጣሁ። አለቀስኩ። መጨረሻ ላይ አዴ ዲንቂቱ ከማጀት ብቅ አሉና «ተያት ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «ኤባ ያልያዘ ሰው በእኛ አገር ገበያ እንኳ አይሄድም።» ኤባ ምርቃት ነው። እኔ ግን በልቤ፣ ይህ ባህል የሚባል ነገር ወንጌልን ሊያስቀርብን ነው አልኩ። ያኔ እንደዚህ ነበርኩ።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ አዴ ዲንቂቱ ግቢ

የእኛ ሰዎች ሲሰበሰቡ በር ላይ አንድ ጠባቂ ይቀመጣል። ጠባቂዋ ሁልጊዜ ሴት ናት፤ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ፖሊስ ሲመጣ ሰፌዱን ጥላ «ውይ ምስሬ!» ብላ ትጮኻለች፤ ውስጥ ያሉት በጓሮ ይወጣሉ። ምስሩ አይበላም፤ በየእሑዱ ያው ምስር ነው። ከመለቀሙ ብዛት በዓለም ላይ እንደሱ የጠራ ምስር ያለ አይመስለኝም።

የዚያን ቀን ተራዋ የነበረችው ሴት ልጇ ታሞባት ቀረች። «እኔ እቀመጣለሁ» አልኩ። ኩራት ተሰማኝ፤ እውነቴን ነው። ውስጥ መዝሙሩ ተጀመረ፤ ድምፃቸውን አፍነው፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ ሳይሆን ጭናቸውን እየመቱ። ልቤ ሞቀ።

ሰዓቱ ገፋ ሲል አንድ ሽማግሌ መጡ። ጥቁር ኮት፣ የተተኮሰ ሱሪ፣ ባርኔጣቸውን በግራ እጃቸው ይዘዋል። በቀኝ እጃቸው ደግሞ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሣር፤ ሰርዶ። ከበሩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። ሣሩን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት።

ፖሊስ አይመስሉም፤ ሰፌዱን አልጣልኩም። «ምን ፈለጉ?» አልኩ። ዝም። አሁንም ጠየቅኩ። ዝም። ሣሩ ብቻ።

አዲስ አበባ ሳለን ወለጋ ውስጥ ሰው ሣር ይዞ ወንዝ ዳር መንፈስ ይለምናል ሲባል ሰምቼ ነበር። በቃ፣ እሱ ነው የመጣው አልኩ። ጸሎታችንን ሊያበላሽ ጠንቋይ ላኩብን! ብድግ ብዬ «በኢየሱስ ስም!» አልኩና ሣሩን ከእጃቸው መንጭቄ ቦይ ውስጥ ጣልኩት። «ይህ የጌታ ቤት ነው፤ የጨሌ ቤት አይደለም። ይሂዱ!» በሩን ዘጋሁ።

በቆርቆሮው ስንጥቅ አየኋቸው። ባዶ እጃቸውን አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ሄዱ፤ ቀስ ብለው።

እሑድ፣ ከስብሰባው በኋላ

ምሳ ሲቀርብ ምስክርነት አለኝ አልኩ። ኦቦ ገለታም ቡናውን ጭኖ ሲያበቃ አክስቱን ሊጠይቅ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ተነስቼ ነገርኳቸው፤ ጠንቋዩን፣ ሣሩን፣ እንዴት እንዳባረርኩት። ግዳይ እንደጣለ አዳኝ ነበር የምተርከው። «ሃሌሉያ» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ላሊሴ ጉርሻዋን ሳህን ላይ መለሰች። «ጥቁር ኮት ነው የለበሰው?»

«አዎ።»

«ቀኝ እጁ ላይ አንድ ጣት ይጎድለዋል?»

ሣሩን ስመነጭቅ እጃቸውን አይቼዋለሁ። ሌባ ጣታቸው የለም። አዎ አልኳት። ላሊሴ ወደ መኝታዋ ሄደች፣ የታሰረው ሻንጣ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አዴ ዲንቂቱ «ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ» እያሉ ጉልበታቸውን ይመታሉ።

«ምንድን ነው?» አልኩ። «ምን አደረግኩ?»

ኦቦ ገለታ ነው የመለሰልኝ፤ ትከሻው አይስቅም። «ኦቦ ቶለራን ነው ያባረርሽው። ሣር የያዘ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ነው። ማሩኝ፣ ታረቁኝ ማለቱ ነው። የተበደለው ሰው ራሱ ወጥቶ እስኪጠይቀው አይናገርም። እዚህ አገር ሰው የገደለ ሰው እንኳ ሣር ይዞ ከመጣ አይባረርም። ገባሽ? ያ ሽማግሌ፣ ስንቱን ያስታረቀ ሽማግሌ፣ በዕድሜው ሙሉ ለሰው ሣር ይዞ ቆሞ አያውቅም። ለልጁ ቆመ።»

«በእኛ አገር እርቅ የሚለምን ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው የሚመጣ...» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ድንጋይ ተሸክመው ቢመጡ ኖሮ...»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለአንቺ ብሎ ድንጋይ ይሸከም? የመጣሽው አንቺ ነሽ እኮ!»

እሪ ብዬ አለቀስኩ። ስምንት ወር የጠበቀችውን ነገር፣ ደጃፏ ድረስ የመጣላትን፣ እኔ ሸኚዋ በገዛ እጄ ቦይ ውስጥ ጣልኩባት። ነገ ጎህ ሲቀድ ነጋዴዎቹ ይነሳሉ።

ዓይኔን ጠርጌ ምን ይደረግ አልኩ። አዴ ዲንቂቱ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «ያጠፋ ሰው ሣር ይይዛል።» ከወንድሞች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «እማማ፣ አማኝ ሣር ይዞ ሲቆም ግን... ሰው ምን ይላል?» አለ። አዴ ዲንቂቱ ዞር ብለው አዩት። «ሣሩን የፈጠረው ማነው?» አሉት።

እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ኦቦ ቶለራ ደጅ

ሰርዶውን ከምንጩ ዳር በእጄ ነጨሁ። ኦቦ ገለታ መንገዱን መራኝ፤ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ በቡና ዛፍ የተከበበ። መንገድ ላይ አልተከራከርንም። ደጁ ስንደርስ «ከዚህ ወዲያ ያንቺ ነው» አለና ዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ቆምኩ። ውሻ ጮኸብኝ። የኦቦ ቶለራ ሚስት ወጡ፣ አዩኝ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተመልሰው ገቡ። ከዚያ ማንም አልወጣም። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ነበረች፤ ወደ ትከሻዬ መጣች። ከሣሩ ውስጥ ጉንዳን ወጥቶ በክንዴ ሽቅብ ሄደ፤ እንዳላራግፈው ፈራሁ። እጄ ዛለ፤ በሌላው እጄ ደገፍኩት። ጠዋት እሳቸው የቆሙት ምን ያህል ነበር? ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሰጠኋቸውም። ደግሞ የተናገርኩትን እያንዳንዷን ቃል አስታወስኩ። «የጨሌ ቤት!» ወይኔ አስካለ፣ መሬት ትዋጥሽ።

ከብቶቹ ሲገቡ ኦቦ ቶለራ ወጡ። ጥቁሩን ኮት አውልቀዋል። ፊት ለፊቴ ቆሙና በጥሩ አማርኛ፣ «ጠያቂ ይኸው። ምን ፈለግሽ?» አሉ።

«አጥፍቻለሁ አባቴ።»

«ምን አጠፋሽ?»

«ሣርዎን ነጠቅኩዎት።»

«ሣር ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«የማታውቂውን ለምን ነጠቅሽ?»

ውሸት አማረኝ፤ ሳላስበው እውነቱ ወጣ። «የማላውቀውን ሁሉ ሰይጣን ስለማደርገው ነው።»

የኦቦ ቶለራ ከንፈር ጫፍ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሣሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ግቢ፤ እርጎ ጠጪ» አሉኝ።

ውስጥ፣ እርጎ በቅል እየጠጣሁ፣ ነገሩኝ። «አባቴ ወንጌል ሲያምን የአያቴን ጨሌ አንስቶ ወንዝ ጣለው። ልክ እንዳንቺ፣ በጉራ። አያቴ ስሙን እንዳይጠሩ ከለከለ፤ ሦስት ዓመት። በመጨረሻ ሣር ይዞ የመጣው ማን መሰለሽ? አያቴ ነው። ያላመነው። ‹ጨሌው ቀርቶብኝ ልጄን ስጡኝ› አለ። ይህን ታሪክ ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ለላሊሴም ነግሬያታለሁ። ከዚያ ያንኑ ራሴ አደረግኩት፤ ይባስ ብዬ አሳሰርኳት። ልጄን፣ ሦስት ቀን፣ ሲሚንቶ ላይ።» እርጎው ላይ አለቀስኩ።

ስወጣ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚነሱት?» አሉኝ።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ወደ ቆላ የሚወስደው መንገድ

በቅሎዎቹ ተጭነዋል፤ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ሽንኩርት። የእኛ ሰዎች ከአዴ ዲንቂቱ ጋር መንገዱ ዳር ቆመዋል። ለላሊሴ ትናንት ማታ ሁሉን ነግሬያታለሁ፤ ይመጣሉ ብዬ ግን ልምልላት አልደፈርኩም።

ኦቦ ቶለራ በእግራቸው መጡ፤ ሚስታቸውና ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው። ሣር ይዘዋል። ላሊሴ ስታያቸው ሮጣ ሄዳ መሬት ላይ ተደፋች፤ እሳቸው ጎትተው አነሷት።

«ውሃዎን አልናቅኩም አባ» አለች።

«ንቀሻል» አሉ። «እኔም አሳስሬሻለሁ። ሁለታችንም ሰው ነን።» ሣሩን እጇ ላይ አኖሩ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉና ኤባው ተጀመረ። ኦቦ ቶለራ በኦሮምኛ አንድ አንድ እያሉ ይመርቃሉ፤ ኦቦ ገለታ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል፤ ወንዙ ያሳልፍሽ፣ ንዳዱ ይለፍሽ፣ አፍሽ ማር ይሁን፣ ሄደሽ ግቢ። በየመሀሉ ሽማግሌዎቹ «ሀ ተኡ» ይላሉ፤ ይሁን። የእኛ ሰዎች በመጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አዴ ዲንቂቱ «ሀ ተኡ!» አሉ፤ ከዚያ ሁላችንም። ያ በሣሩ የሰጋው ወንድም ከሁላችንም በላይ ጮኸ፤ ኦቦ ቶለራ ጆሯቸውን ይዘው «እንዲህ ነው እንግዲህ የምትጮኹት?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ላሊሴ እያለቀሰች ሳቀች።

የነጋዴዎቹ አለቃ በቅሎውን መታ። ኦቦ ቶለራ የላሊሴን ሻንጣ አንስተው ራሳቸው ተሸከሙት። አዴ ዲንቂቱ «እንግዲህ እሑድ ይመጣሉ?» አሏቸው፤ ሴትዮዋ ዕድል አያመልጣቸውም።

«ቤታችሁ አልገባም» አሉ ኦቦ ቶለራ። «አላታልላችሁም፤ ቤተ ክርስቲያን አለኝ። ልጄ ግን ከቤቴ አልወጣችም። ይህን ለሁሉም ንገሩ።»

እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ እሸኛታለሁ ብለው ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየናቸው፤ ሻንጣውን አልሰጧትም። ከበቅሎዎቹ ኋላ፣ አባትና ልጅ፣ እያወሩ። ዛፎቹ እስኪሸፍኗቸው ቆምን። ኦቦ ገለታ «ጉልበቱን ያመዋል እኮ ይህ ሽማግሌ» አለና አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

ማክሰኞ፤ አዲስ አበባ

ቡና በጫነው መኪና ሁለት ቀን ተንገጫግጬ ገባሁ። ኦቦ ገለታ መርካቶ ሲያወርደኝ «ከዚህ በኋላ ጋቢናዬ ውስጥ ትንሽ መጮኽ ይፈቀድልሻል» አለኝ። እናቴ አቧራዬን እያራገፈች «ከሳሽብኝ» አለች።

ማታውኑ ወንድሞች ተሰብስበው ጠበቁኝ። ላሊሴ መውረዷን ስነግራቸው «ሃሌሉያ» አሉ፤ ሲረጋጉ እንዴት ሆነ አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ምስሩ ሳቁ። ሣሩን ከሽማግሌው መንጠቄን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ በኀዘን፣ አንዳንዶቹ በድጋፍ። እኔ ራሴ ሣር ይዤ መቆሜን ስነግራቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የማከብረው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በቀስታ ተናገረኝ። «እህት አስካለ፣ በፍቅር ነው የምነግርሽ። ስለዚህ ነገር ንስሐ መግባት አለብሽ።»

«ገብቻለሁ» አልኩት። «ኦቦ ቶለራ ደጅ ላይ።»